የጥይት ሞተር አልጮህ ያለ ሰሞን

በመሻገሪያው ባለጀልባዋን ሁሉም «ጥይት» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ተሳፋሪዎቿ ናቸው፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ሐይቁን ሳያጋምሱ እሷ ማዶ ደርሳ ሰው ታወርዳለች። ጀልባዋ የአባቷ ነበረች። አባቷ ሠላሳ ዓመት በዚያ ውኃ ላይ ሰው ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው መሪውንም የመፍቻ ሣጥኑንም ለእሷ አስረከቡ። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ግንፍልተኛነቷንም ከእሳቸው ነው የወረሰችው ይላል ሰው።

ሰኞ ጠዋት ሞተሩ ለገመ። በአንድ ጉተታ ይነሳል፤ በዝግታ ሲሄድም እንከን የለውም። ነዳጅ ስትሰጠው ግን ግማሽ ላይ ደርሶ ቀጥ! እጀታውን እስከ ጥግ ብትጠመዝዘውም ድምፁ አይጨምር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው አይነሳ። እየተንፏቀቀች ማዶ ስትደርስ፣ ጢሞ የሚሉት ባለጀልባ ሁለተኛውን ዙር ጭኖ እየተመለሰ ነበር።

«ጥይት ዛሬ ከሸፈች!» ብሎ ጮኸ።

የእሱም ተሳፋሪዎች ሳቁ፣ የእሷም ሳቁ።

ንዴቷ መጀመሪያ ያረፈው ነዳጅ ሻጩ ላይ ነው። በርሜሎቹን የጀልባ መውረጃው አጠገብ ደርድሮ የሚውል፣ ሰው ካልጠየቀው የማይናገር ሰው ነው። ጀሪካኗን እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ውኃ ነው የሸጥክልኝ!»

«እኔ?»

«አንተ! ውኃማ ከሆነ ከሐይቁ በነጻ እቀዳ ነበር!»

ሰው ከበባቸው። ሰውዬው ጀሪካኑን አንስቶ አቆመውና፣ «ሁሉም ከእኔ ነው የቀዳው፣ እህቴ። የሌሎቹ እየሄደ ነው» አለ።

እሷ ግን ድምፅዋን ጨመረች። ሌባ አለችው፣ አጭበርባሪ አለችው፣ አጠገቡ በቆሙት ልጆቹ ፊት።

ከሰዓት በኋላ ልጅ ልካ ከእሱ ያስመጣችውን ነዳጅ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታ አስቀመጠችው። ውኃ ቢኖረው ታች ይዘቅጥ ነበር። ጠርሙሱ ከላይ እስከ ታች አንድ መልክ ነው። «ተነቃብኝ ብሎ ንጹሑን ሰጥቶኝ ነው» አለች ለአባቷ። የተናገረችውን ግን እሷ ራሷም አላመነችውም።

አባቷም፣ «ካንዴላውን እዪው እስቲ፤ እሳቱ ደክሞ ይሆናል» አሉ።

ማክሰኞ ካንዴላዎቹን ቀየረች። ያው ነው። የነዳጅ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አጠበች፤ ያው። ውኃ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ፕሮፔለሩን ዳበሰችው፤ ሣር አልተጠመጠመበትም፣ ክንፉም አልተጣመመም። አባቷ ዳር ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ቁልፍ ያቀብሏታል። «ካርቡራተሩን ግን እንዳትነኪው» አሉ፤ «ያረጀ ነገር አንዴ ከተፈታ መልሶ አይገጥምም።»

ረቡዕ ተሳፋሪዎቿ አንድ ባንድ ወደ ጢሞ ጀልባ ዞሩ። ለዓመታት በጥይት ጀልባ የተመላለሰችው የመንደሩ አዋላጅ እንኳ ዓይኗን ሰብራ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ሰዓት ረፍዶብኝ ነው» ብላት አለፈች። ጥይት ባዶ ጀልባዋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ደሟ ፈላ። «ከገጠመ ይግጠም፣ ካልገጠመም ሐይቅ ይግባ!» ብላ የሞተሩን ክዳን ገነጠለችውና ካርቡራተሩን መፍታት ጀመረች።

ሁለተኛው ብሎን ጋ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። ከእጀታው የሚመጣው የነዳጅ መሳቢያ ገመድ፣ ካቦው፣ ከቦታው ተነስቷል። ጫፉ ግማሽ ጣት ያህል እንዲላላ ተደርጎ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ላይ እጀታው እስከ ጥግ ቢዞርም ታች ያለው የነዳጅ በር ከግማሽ በላይ አይከፈትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሽቦው ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ እጅ እንዳይወጋ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ አድርጎ የሚያስር በዚያ ዳርቻ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷንም እንዲሁ እንድታስር ያስተማራት እሱ ነው።

ሽቦውን በፒንሳ በጥሳ በጡጫዋ ጨብጣ ቤት ገባች። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በቅባት ያሻሉ። ሽቦውን ጭናቸው ላይ ጣለችው።

አላስተባበሉም። «ያን የነፋስ ቀን ዳር ላይ ቆሜ ነበር» አሉ። «አሥራ አንድ ሰው ጭነሽ ከጢሞ ጋር ስትሽቀዳደሚ በዓይኔ አየሁ። ማዕበሉ በላይሽ አለፈ። ውሸት ነው በይኝ።»

ውሸት አልነበረም። ያ ነው የባሰ ያናደዳት።

«አፍ የለዎትም?» አለች። ዕድሜዋን ሁሉ «አንተ፣ አባዬ» ስትላቸው ኖራ፣ ያን ቀን ነው አንቱ ያለቻቸው። ሽማግሌው በጥፊ የተመቱ ያህል ቀና አሉ። «አፍ አለዎት አይደል? ለምን አይነግሩኝም?»

«ሦስቴ ነገርኩሽ። አንዴም ሰምተሽኝ አታውቂም።»

«እሺ፣ አልሰማሁም። ካንዴላውን እዪ ያሉኝስ? ውኃ ውስጥ ገብቼ ስንቀጠቀጥ ቁልፍ ሲያቀብሉኝ የነበሩትስ? ሦስት ቀን ሙሉ የሰው መሳቂያ ስሆን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር! ያን ምስኪን ሰው እኮ ሌባ ብዬዋለሁ!»

አባቷ ጉልበታቸውን ማሸት ትተው እጃቸውን ተመለከቱ። «እሱን አላሰብኩትም» አሉ ቀስ ብለው።

በማግስቱ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መውረጃው ወረዱ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ አራት ቦታ አረፉ። እሷ ከኋላ ነበረች፤ እጃቸውን ግን አልያዘችም። ነዳጅ ሻጩ ፊት ቆመው፣ ጢሞ እየሰማ፣ ባለጀልባው ሁሉ እየሰማ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወንድሜ። ሞተሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሰውዬው ተነስቶ በርጩማውን ለቀቀላቸው። «እርስዎ አልሰደቡኝም፣ አባቴ» አለ። «የሰደበኝ ሰው ራሱ ይምጣ።»

ፊቷ ጋለ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «አጥፍቻለሁ» አለች።

«አልተሰማኝም። ሰኞ ዕለት ድምፅሽ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር።»

«አጥፍቻለሁ!» ብላ ጮኸች። «ነዳጅህ ንጹሕ ነው! ሌባ አይደለህም!»

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ «በይ ጀሪካንሽን አምጪ» አላት።

ካቦውን እንደ ቀድሞው መልሳ አጥብቃ ገጠመችው። ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን አነሳች። ተሳፋሪዎቿም ሰንበት ብለው ተመለሱ። ከአባቷ ጋር ግን አልታረቀችም። ምሳቸውን ታቀርባለች፣ መድኃኒታቸውን ትገዛለች፣ ስለ ጤናቸው ትጠይቃለች፤ ሁሉንም በአንቱታ።

ከወር በኋላ ነፋስ የተነሳበት ቀን መጣ። ዘጠኝ ሰው ጭና ሐይቁን ስታጋምስ ጢሞ ከኋላዋ መጥቶ እያፏጨ አለፋት። እጇ እጀታው ላይ ነበር፤ የፊት ማዕበሉን አየችና ነዳጁን ቀነሰች።  ጢሞን ረገመች፣ ነፋሱን ረገመች፣ ሽማግሌውንም ረገመች፣ አንዱንም ሳታስቀር።

ከፊት የተቀመጠችው አዋላጅ ዞር አለች። «ምን አልሽ?»

«የጀልባዋን ጎን ያዙ አልኩ!» አለች ጥይት።