የኮልፌው ቤት ጓዳ

ጣሊያን ሰፈራችንን ለራሱ ሰዎች ስለፈለገው ልቀቁ ተባልን። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ የመውለጃዋ ቀን ተቃርቦ ነበር፤ ክረምቱም ደርሷል። አክስቴ ቤት አንድ ጥግ ይዘን ስንሰነብት፣ አንድ ደላላ ኮልፌ የሚሸጥ ቤት እንዳለ ነገረኝ።

ከደላላው ጋር ሄጄ አየሁት። ከባሕር ዛፍ ጥግ የተሠራ፣ ሳር የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ገና አዲስ ተመርጓል። አዲስ ምርጊት ስለሚሸፍነው ነገር አይናገርም። አባቴ ቤት ለመግዛት ሲሄድ ወስፌ ይይዝ ነበር። እንጨቱን ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ላይ ይወጋዋል። ወስፌው እምቢ ካለ ቤቱ ቤት ነው፤ ሰተት ብሎ ከገባ ግን ምስጥ ቀድሞ ገዝቶታል። ሚስቴም ያን ዕለት ጠዋት ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ በእጄ አስይዛ፣ «እንዳታፍር። አንዱንም ሳትወጋ እንዳትቀር፤ ልጄን የማስተኛው እዚያ ነው» ብላኛለች።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ነበሩ። ቤቱን ሸጠው አገር ቤት ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ አስበዋል። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ጠላ ቀዱልን። ጠላው ከውሃ ብዙም አይለይም፤ ያን ጊዜ ግን አላስተዋልኩትም። ወስፌዬን አውጥቼ ምሰሶውን ወጋሁ፤ ጠንካራ ነው። የግራና የቀኙን ግድግዳ ቋሚዎችም እየዞርኩ ወጋሁ።

«ኧረ ወንድሜ!» አለ ደላላው። «በግ እንደሚገዛ ሰው ደባብሰህ ጨረስከው እኮ! ቀጥሎ ጥርሱን ልታይ ነው?»

«ተወው፣ ይውጋ» አሉ ሴትዮዋ። «ገንዘቡ ነው።»

የቀረው የጀርባው ግድግዳ ነበር። መሬቱ ወደ ቤቱ ስለሚያዘነብል ጎርፍ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በውጭ በኩል ከጎረቤት አጥር ጋር ስለተጣበቀ መግቢያ የለውም። ማየት የሚቻለው ከጓዳ ብቻ ሲሆን፣ የጓዳው በር በመጋረጃ ተሸፍኗል።

«እሜቴ፣ ጓዳውን ልይ።»

«ጓዳ የሴት ነው፣ ልጄ። ሚስትህ ትምጣና ትየው።»

«መውለጃዋ ደርሷል፤ መንገዱን አትችለውም።»

«እንግዲያው እህል ሞልቶበታል፤ መግቢያም የለው። ስለቅ ታየዋለህ።»

የሚደብቁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ያ ነገር የበሰበሰ ቋሚ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሰው ጓዳ በጨዋ ደንብ እንደማይገባ አውቃለሁ። ቢሆንም «ልጄን የማስተኛው እዚያ ነው» ያለችው የሚስቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩ።

እህል የለም። አንድ የተሰነጠቀ እንስራ ተደፍቷል። ከጀርባው ግድግዳ ሥር አንዲት ወጣት ሴት ፊቷን ወደ ጭቃው አዙራ ተኮራምታለች፤ የለበሰችው ባዶ ጆንያ ነው። የእግሬን ድምፅ ስትሰማ ዞር ሳትል፣

«እማዬ፣ ሄዱ እንዴ? በይ ቀሚሱን ስጪኝ፤ በረደኝ» አለች።

መጋረጃውን ለቀቅኩት። ዞር ስል ሴትዮዋ የቀሚሳቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ወስፌው ከእጄ አልወጣም ነበር፤ እጀ ጠባቤ ሥር ሸጎጥኩት።

በመጨረሻ ደላላው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እ… እንዴት ነው፣ የኋላው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

የተጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ተቀበልኩ። ከዚያ ቤት ቶሎ ለመውጣት ስል ሌላም ቢጨምሩ የምቀበል ይመስለኛል። ሴትዮዋ እስከ ደጅ ሸኙኝ። መረቁኝም፤ ቀና ብዬ ግን አሜን ማለት አልቻልኩም።

ሚስቴ የወለደችው እዚያ ቤት ነው። ክረምቱ ሲበረታ የጓዳው ግድግዳ እርጥበት ጠጣ፤ ከዚያ ምርጊቱ በጠቅላላ ተላቅቆ ወደቀ። ሚስቴ አራስነቷን ሳትጨርስ ተነሥታ ወስፌውን ፈለገችና አንዱን ቋሚ ወጋችው። እስከ እጀታው ገባ።

«ይዘኸው አልነበረም የሄድከው?»

«ይዤው ነበር።»

«አፍረህ ነው አይደል? አፍረህ ነው!»

«አላየሁትም» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የገፋሁት ያየሁትን በመጻፍ፣ ያላየሁትን አላየሁም በማለት ነው። ለሚስቴ የሰጠሁት መልስም ከዚህ አንጻር ሐሰት አልነበረም፤ ግድግዳውን በእርግጥ አላየሁትም። ጆንያውን አይቻለሁ። እሱን ብነግራት ኖሮ እኔን ምን ትለኝ እንደነበር አላውቅም፤ ልጅቱ ግን ሌላ ሰው ፊት ራቁቷን ትቆም ነበር።

ሚስቴ ሕፃኑን አቅፋ ከጓዳው ወጣች፤ እልፍኙ ውስጥ፣ ከምሰሶው ሥር አነጠፈችለት። እኔ ከደጅ ጭቃ ማቡካት ጀመርኩ።