አያ ፈንታን ያጣሁበት አውሎ ነፋስ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ነፋሱ ስላስፈራኝ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ስለሚናፍቀኝ ነው።

ከጎጃም ለቀን ሥራ ወደ መተማ ቆላ ወርጄ፣ ከሸሕዲ ብዙ በማይርቅ የመንግሥት እርሻ ምንጣሮ ገባሁ። አያ ፈንታ የሚባሉ ትልቅ ሰው አብረውን ይሠሩ ነበር። ብቻዬን መምጣቴን ሲያዩ ከጎናቸው አስተኙኝ፤ ከስንቃቸውም አካፈሉኝ። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ፣ “አንተ ሰነፍ፣ ብላ እንጂ” ብለው ሲቆጡኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሙቀቱ ሲያፍነን ዋለና በሱዳን በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ከደመናው ሥር ነፋስ እየተሽከረከረ፣ አፈሩንና ጭራሮውን እያነሣ መጣ። ሁሉም ሮጠ። እኔ ቆምኩ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነፋስ ጋኔን ነው ይባላል፤ ከሸሸኸው ይከተልሃል፣ ቆመህ ማማተብ ነው። የአንገቴን መስቀል ይዤ አማተብኩበት። የጅል ድፍረት።

አያ ፈንታ ከተኙበት ቦይ ወጥተው ወገቤን ይዘው ጎተቱኝ። ቦዩ ውስጥ በደረቴ አስተኝተው ከላዬ ተኙ። የእርሻው መጋዘን ጣራ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሲመጣ ድምፁን ሰማሁ። ነፋሱ ካለፈ በኋላ ቀና ስል ቆርቆሮው ጀርባቸውን ቀዶት ነበር።

“ጋኔን መስሎኝ ነው፣ አያ” አልኩ እያለቀስኩ።

“ጋኔን አይዶለም” አሉኝ፣ የትራክተር ተጎታች ላይ ስንጭናቸው። “መሬቱ ሲግል ሙቁ አየር ወዳላይ ይነሣል፤ ከደመናው ደግሞ ብርዱ ይወርዳል። ሲገናኙ ይጠማዘዛሉ። ሁለተኛ እንዳትቆም። ከዛፍ፣ ከቆርቆሮ ራቅ፤ ዝቅ ያለ ቦታ ተኛና ራስህን ሸፍን።”

ወደ ጎንደር ሆስፒታል ወሰዷቸው። ምንጣሮው ሲያልቅ ላያቸው ሄድኩ።

“ፈንታ ማን? የአባታቸው ስም?” አለችኝ መዝገብ የያዘችው ሴት።

አላውቀውም። ትልቅ ሰውን የአባትህ ስም ማነው ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። አገራቸውንም በቅጡ አልጠየቅኩም።

“ፈንታ የሚባል ብዙ ነው። ዘመድህ አይደሉም እንዴ?” አለች። በየክፍሉ ዞሬ አጣኋቸው። ድነው ወጥተው ይሁን አልፈው ይሁን የነገረኝ የለም።

ይኸው እኔም አረጀሁ። “እግዜር ይስጥልኝ” እንኳ ሳልላቸው መለያየታችን ያንገበግበኛል። አንዳንድ ዓመት ተዝካራቸውን ላወጣ እነሣለሁ፤ ከዚያ ‘በሕይወት ቢኖሩስ?’ እልና እተወዋለሁ። ቢኖሩ መቶ ሊሞላቸው ነው።