ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ የአባታችንን መኪና ጉልበት ልጨምር ብሎ የተነሳው እኔ ላገባ ስል ነው። ጂንካ ውስጥ ሰው ለሠርግ ድንኳን ይተክላል፣ በሬ ይገዛል፤ ጋሼ ግን መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታ ነበር።

መኪናዋ አባታችን ከሐራጅ የገዛት አሮጌ የመስክ መኪና ናት። ከጂንካ በላይ ወዳለው የአሪ ደጋ እየወጣ ገበያተኛ ያመላልስባት ነበር። ማታ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዛሬም ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ!» ይለናል። እኛን ግን አንድም ቀን ይዞን አልሄደም፤ ቦታው ለገበያተኛ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ወንድሜ ከከተማ ሳይወጣ ይነዳት ጀመር፤ የሰፈራችንን ትንሽ አቀበት እንኳ እያቃሰተች ነው የምትወጣው።

«አባዬ ጋ አንበሳ ነበረች፣ እኔ ጋ ስትደርስ ሰነፈች» ይላል። ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

አባታችን «በሠርግሽ ቀን የምወስድሽ እኔ ነኝ» ይለኝ ስለነበር ጋሼ ቃሉንም ከመኪናዋ ጋር ወረሰ። ሙሽራው የደጋ ሰው ነው። ቤተሰቦቹ መኪና እንከራይ ሲሉ የጋሼ ፊት ተለዋወጠ። «የማደርሳት እኔ ነኝ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ አንድ ሰው ካስወረደች ለቁራሌው እሰጣታለሁ!» ብሎ ማለ።

አዲስ ሞተር የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ካንዴላውን አጸዳ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ፈታና «አሁን በደንብ ትተነፍሳለች» አለ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ሁሉ ጋሼ ለምሳ መነሳቱን ገና ገበያው ጋ ሳለ ያውቅ ነበር። ቀጥሎ ክብደት መቀነስ መጣ። የኋላ አግዳሚ ወንበሮቹ ወጡ፣ ተቀያሪው ጎማ ወጣ፣ ምንጣፉም ወጣ። አንድ ቀን እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ቬሎው ከባድ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ከፈለግክ በነጠላ እሄዳለሁ» አልኩት። አሰበበት እኮ!

ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን እዚያ ወስዶ ሞከራት። ባዶዋን በረረች። ጥበቃው በፊሽካ አስቁሞ፣ «የመነሻ ፈቃድ አላት?» አለው። ጋሼ ይህችን እንደ ሽልማት ሲያወራት ሰነበተ።

የሠርጉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አክስታችን የኋላውን በር ከፍታ ደረቷን ያዘች። «ውይ! ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶውን ሊሄድ? አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

ጋሼ ይህን አላሰበም። ወንበር ሲኖር ስድስት ሰው ይቀመጥና «ሞልቷል» ይባላል። ወንበር ከሌለ ግን ማን ሞላ ይላል? መዘምራኑ ከነከበሯቸውና ከነድምፅ ማጉያቸው ቆመው ገቡ። አክስታችን ከነጓደኞቿ ገባች። መንገድ ላይ ደግሞ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችና አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ጋሼ አየኝ፣ መንገዱን አየ፣ ፍሬን ያዘ። «አባዬ አልፏቸው አያውቅም» አለ በለሆሳስ። ሽማግሌው በግ ይዘዋል። በጉም ገባ።

ዳገቱ ግማሽ ላይ መኪናዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። ጋሼ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሳሾፍበት ብከርምም፣ ያን ጊዜ ከልቤ አሳዘነኝ።

እሱ ውረዱ ሳይላቸው የገበያ ሴቶቹ እየሳቁ ወረዱ። አንዷ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባች፤ ሌሎቹ ማንም ሳያሳያቸው የሚገፉበትን ቦታ ያዙ። እኔም ቬሎዬን ሰብስቤ ወረድኩ።

«አንቺ ግቢ! ሙሽራ ነሽ!» ብሎ ጮኸ።

«ክብደት ቀንሱ ያልከው አንተ!»

ሽማግሌው በጋቸውን ለባሌ አስይዘው ወደ ጋሼ መስኮት መጡ። «ምን ሆንክ ልጄ? ሁልጊዜ እዚችው ጋ አይደል የምትቆመው? ከአባትህ ጋር ስንት ዓመት ገፋናት!»

«አባዬ እኮ... በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወጣው ይል ነበር።»

«አዎ፣ በሁለተኛ» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ስንገፋ ነዋ!»

ጋሼ ሳቀ፤ ሲስቅ ቆይቶ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። መዘምራኑ እየዘመሩ ገፉ፣ ባሌ በግ ታቅፎ በትከሻው ገፋ፣ መኪናዋም ተነሳች።

ስለ መሐላው ስጠይቀው፣ «መቼ አስወረደች? ራሳቸው ናቸው የወረዱት» አለኝ። ወንበሮቹን መለሳቸው። መኪናዋ ዛሬም ግቢው ውስጥ አለች። ልጆቹ ዳገቱን እንዴት እንደወጣው ሲጠይቁት፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «በሁለተኛ ማርሽ!» ይላቸዋል።

እኔም እስከ ዛሬ አላጋለጥኩትም ነበር።