ከማን ጋር ይብላ?

ትናንት ጋምቤላ ገበያ የደረቀ ዓሣ ሲሸተኝ አያቴ ትዝ አለኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አያቴ ከአንድ ሳህን አብሮት የሚበላው ጓደኛው ከሞተ ወዲህ ምግብ እምቢ ብሎ ክንዱ እንጨት መስሎ ነበር። ጤና ጣቢያ በሽታ አላገኙበትም። እናቴ ጨው ያነሰው እየመሰላት ዓሣውን እንደገና ትቀቅል ነበር።

“አባባ፣ እኔን መቅጣትህ ነው?” አለችው።

“ብቻዬን ልብላ? እንደ ሌባ?” አላት።

ለምን ሌባ እንዳለ ያኔ አልገባኝም፤ ብቻውን የሚበላ ተደብቆ እንደሚበላ ሌባ ነው ማለቱ ነበር። በእኛ ዘንድ ወንዶች አንድ ሳህን ከበው ከሴቶች ተለይተው ይበላሉ፤ ሴት ልጅ ወደ ሳህናቸው አትጠጋም። እናቴ ወደ ማጀት ስትገባ ግን፣ ርቦኝ ነበርና ከፊቱ ዓሣ አንስቼ ጎረስኩ።

“አንቺ! ከወንድ ሳህን?” አለኝ አያቴ።

በድንጋጤ ማኘኬን አቆምኩ።

“እሾሁን ልትውጪው ነው እንዴ? ነይ፣ ተቀመጪ።”

እሾሁን እየለቀመ አንዱን ቁራሽ ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ራሱ ጎረሰ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችን፤ ደንቡን ማፍረሴን እያወቀች አልተቆጣችኝም። ተመልሳ ዓሣ ጨመረችልን።

አሁን አሁን ጎረቤት “አባቴ አልበላም አሉኝ” ሲል ስሰማ፣ ሰው ፊት መናገር ባፍርም፣ “ከማን ጋር ነበር የሚበሉት?” ብዬ እጠይቃለሁ።