ያዘገየሁት መስመር

በዚያ የገበያ ቀን፣ መካነ ሰላም ከተማ በነበረችኝ የኢንተርኔት ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ እትዬ ዘሃራ፣ ታናሽ ወንድማቸው ሰይድ፣ መምህር አያሌው እና እኔ። ያደረግኩትን ለሦስቱም ነግሬ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለት ነገር እሸጥ ነበር፦ ኢንተርኔት በሰዓት፣ የውጭ አገር ስልክ በደቂቃ። ሰዉ ዓረብ አገር ካሉ ልጆቹ ጋር በኢንተርኔት ፊት ለፊት መነጋገር ሲጀምር ስልኩን የሚነካው ጠፋ። ሥራውን ከመመሪያ እያነበብኩ ብቻዬን ነው የተማርኩት። መስመሩን ለኮምፒውተሮቹ በሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ የቪዲዮ ጥሪን ብቻ ለይቶ ማዘግየት እንደሚቻል አገኘሁ። አዘገየሁት። ምስሉ ሲቆምበት ሰው ኔትወርኩን ይረግምና ወደ ስልኩ ይመጣል። ለራሴ ግን «ቪዲዮ መስመሩን ይበላል፤ ለሌሎቹ ደንበኞች ብዬ ነው» እል ነበር። ታዲያ ሌላ ደንበኛ በሌለ ጊዜ ማዘግየቱን ለምን አላነሳሁትም?

ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አልነበረም። መምህር አያሌው ሥራውን ጨርሶ ዝናቡ እስኪያባራ ነበር የተቀመጠው። የእትዬ ዘሃራ ልጅ ሐያት ከጅዳ በቪዲዮ ደወለች። የቤት ሠራተኝነት ውሏ ሊያልቅ ስለሆነ፣ ትመለስ ወይስ ሁለት ዓመት ትጨምር፣ እናቷን ልታማክር ነበር። ቃል ሳትናገር ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና የግራ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ።

«ፎቶ ሰጡን እንጂ መቼ አገናኙን!» አለ መምህር አያሌው።

«ያረቢ! ምን ልታሳየኝ ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ ወደ እኔ ዞረው፦ «ልጄ፣ እስቲ አንድ ነገር አድርግ።»

አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነበር። እኔ ግን «ኔትወርኩ ነው እትዬ፤ በስልኩ ይሞክሩ» አልኩ።

በስልኩ «ደህና ነኝ እማ» ስትል ሁላችንም ሰማናት። አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው። እትዬ ዘሃራም «እንግዲያ አብሽሪ፣ ሁለቱን ዓመት ጨምሪ» አሏት።

ጨምራ ተመለሰች። ከዚያ ጥሪ በፊት የግራ ክንዷን የፈላ ዘይት አቃጥሏት፣ ሳትታከም ከርማ፣ ዛሬ የግራ ጣቶቿ አይታጠፉም። ሐኪሙ «ያኔውኑ ብትመጪ ኖሮ» አላት። እናቷ «ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ» እያሉ እስከ ዛሬ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ። የእኔ ነው። ማመካኛ የለኝም።

ሰይድ፣ መምህር አያሌው፣ እናንተም ነበራችሁ፤ ያጎደልኩትን ጨምሩበት። እኔ የማስታውሰው እጅጌዋን ብቻ እንዳየሁ ነው። ምስሉ ሊቆም ሲል ቁስሉንም በጨረፍታ አይቼ ዝም ብዬ ከሆነ፣ ያኔ ፊቴን ያያችሁ እናንተ ናችሁና፣ ለእትዬ ዘሃራ ንገሯቸው።