ከዝርዝር የሰረዝኩት ስልክ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ከሐሳቤ የማይወጣው የኔን ጥፋት ሌላ ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ እንዲሸከም ስለተውኩ ነው።

የምሠራው ሰቆጣ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሥራዬ በኢንተርኔት የሚሠሩ የጠረጴዛ ስልኮችን መቆጣጠር ነው። እያንዳንዱ ስልክ በየጥቂት ደቂቃው «አለሁ» እያለ ስልኮቹን በሚያገናኘው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ይመዘገባል። አለሁ ያለው ኮምፒውተሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል፤ የጠፋው ቀይ። ይህን ዝርዝር ስመለከት ዓመታት አልፈዋል። ዓይኔም ልቤም ዝሏል።

ሰርቨሩ የሚይዘው የስልክ ብዛት የተወሰነ ነው። በዚያ ክረምት ለአንድ ኃላፊ አዲስ ስልክ መጣና አለቃዬ «ቦታ ፈልጊለት፣ ነገ ይግባ» አለኝ። ቦታ ስላልነበረ አንዱ መውጣት ነበረበት። በተቆለፉ ቢሮዎች ውስጥ ማንም የማያነሳቸው ስልኮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን የባለሥልጣን ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በዝርዝሩ ወደ ታች ወርጄ ሁልጊዜ ቀይ የሚሆነውን ፈለግኩ። እዚሁ ዞናችን ዝቋላ ወረዳ ውስጥ ያለ፣ በሳተላይት የሚገናኝ የአንድ ጤና ኬላ ስልክ ሆነ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አይጠራም። አልፎ አልፎ ይመዘገብ እንደሆነ የኋላ መዝገቡን ከፍቼ ማየት እችል ነበር። ሰለቸኝ። ሰርዤው ምሳዬን በላሁ።

ሦስት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ መጡ። የዚያ ጤና ኬላ ዘበኛ ናቸው፤ አያ በሪሁን ይባላሉ። እስከ ወረዳው ከተማ ጽጽቃ በእግራቸው፣ ከዚያ በመኪና ነው የመጡት። ከጋቢያቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ስልኩ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን አድርገውት ነው አባቴ?»

«እየነቀልሁት። ያለን ሶላር አንድ ነው። ደመና ሲሆን የክትባቱን ፍሪጅና ስልኩን እኩል አይችልም። የሕፃናቱ መድኃኒት ከሚበላሽ ብዬ ስልኩን እነቅለዋለሁ። ችግር ሲመጣ እሰካዋለሁ፣ ይሠራል። ያን ቀን ግን ብሰካው ብሰካው እምቢ አለ።»

ያን ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ጠንቶባት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አምቡላንስ ልትጠራ ብታነሳው ስልኩ ዝም አለ። የሞባይል ኔትወርክ ያለው ተራራው ጫፍ ላይ ነው። አንድ ሰው ለመደወል ወደዚያ ሲወጣ፣ ሌሎቹ ሴትዮዋን በቃሬዛ ይዘው ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ። አምቡላንሱ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እናትየው ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞተ።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አሉኝ። «እየነቃቀልሁ ልጇን ገደልሁባት።»

ስልኩን ሰካሁትና ቁጥሩን መልሼ ሰርቨሩ ላይ አስገባሁ። ቦታ ለማግኘት ከተቆለፉት ቢሮዎች የአንዱን ስልክ አወጣሁ፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስደውልለት ጠራ።

«ዳነ!» ብለው ብድግ አሉ። «እጅሽ ይባረክ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።»

«እርስዎ አይደሉም ያበላሹት» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ነው?»

ቀና ብለው ሲያዩኝ ፈራሁ። «ዕቃ ነው አባቴ፣ ዕቃ ይበላሻል» አልኩ። አላመኑኝም። «ባልነቅለው ኖሮ» እያሉ ስልኩን ጠቅልለው ወጡ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በዚያው ስልክ እየደወሉ ይመርቁኝ ጀመር። ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። አንድ ሰኞ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ፣ «ይሠራል ልጄ፣ አሁን አልነቅለውም» አሉኝ።

«ደመና ሲሆንስ? ፍሪጁ?»

«እሱን ነው የምነቅለው። ሁለተኛ ሰው አልገድልም።»

ደነገጥኩ። ዝምታዬ ደግሞ ወደ ሌሎች ሕፃናት መሻገሩ ነው። «አያ በሪሁን፣ ፍሪጁን ይሰኩት» አልኩ። «ስልኩ በመንቀል አይበላሽም። እኔ ነኝ ከዝርዝር የሰረዝኩት። ሁልጊዜ ጠፍቶ ሳየው የሞተ መስሎኝ ነው።»

የዝናቡ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«በይ ፍሪጁን ልሰካ» አሉና ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም። እኔም አልደወልኩም፤ ምን ብዬ? አሁን አንድ ስልክ ከማውጣቴ በፊት ባለቤቱን ፈልጌ እጠይቃለሁ፤ አለቃዬም ዘገምተኛ ይለኛል። ብናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ብቻ እኒያ ሰው ያልገደሉትን ልጅ ተሸክመው አይውሉም። የምሸከመው እኔ ነኝ።