ስፓኒሽ የምችለው እኔ

ከኖርክሮስ እስከ ሊልበርን ካለው ሐበሻ መካከል እንደ እኔ ስፓኒሽ የሚያቀላጥፍ የለም። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ምስክር አልጠራሁም። አስራ አምስት ዓመት በሴራሚክ መጋዘን ፎርክሊፍት ስነዳ ከሜክሲኮና ከጓቴማላ ሰዎች ጋር ውያለሁ። ከዚያ ሁሉ ውሎ የያዝኳቸው ቃላት አስራ አንድ ናቸው፤ አራቱ ምግብ። የቀረውን የምሞላው በትንፋሽ ነው። ሐበሻ ሲስማማ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርግ የለ? እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እስባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አስም ያለብኝ መስሏቸው ውሃ ያመጡልኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ንጉሥ ነኝ። ታኮ ቤት ስንገባ ለሁሉም የማዘው እኔ፣ ያላዘዝነው ሲመጣም "የሀገራቸው አሠራር ነው" ብዬ የማስረዳው እኔ።

ልጄ ሚድታውን ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቋንቋ ድምፅ ታጠናለች። የማስተርስ ሥራዋ የስፓኒሽንና ቼክ የሚባለውን የአውሮፓ ቋንቋ ድምፆች ማወዳደር ነው። ምን አገናኛቸው ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ሁለቱም አምስት አናባቢ አላቸው አባዬ። ግን ቼክ እያንዳንዱን አሳጥሮም አስረዝሞም ይለዋል፣ ትርጉሙም ይለያያል። ስፓኒሽ ለርዝመት ግድ የለውም። ደሞ ቼክ ሁልጊዜ የቃሉን መጀመሪያ ነው ጫን የሚለው፤ ስፓኒሽ ቦታ ይቀያይራል።"

"እኛስ?"

"እኛ የምናጠብቀው ተነባቢውን ነዋ። ስለዚህ በአማርኛ ያደገ ጆሮ ሁለቱን በምን እንደሚለያቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።"

አንድ ቅዳሜ የረሳችውን ላፕቶፕ ላደርስላት ሄድኩ። የዩኒቨርሲቲው ድምፅ መቅረጫ ክፍል በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለጥናቷ ቃላቱን ሊያዳምጥላት የነበረው የመጨረሻ ሰው ካንስል አድርጓል። ክፍሉ የተያዘው እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሥራው ሰኞ ይገባል፣ አንድ ሰው ከጎደለ ደግሞ ፕሮፌሰሯ አይቀበሏትም። የምትፈልገው ሀገር ቤት ያደገ፣ ስፓኒሽም ቼክም ጨርሶ የማያውቅ ትልቅ ሰው ነው።

"እኔ አለሁልሽ!"

"ኖ፣ አባዬ፣ አንተ ስፓኒሽ ትችላለህ። ዲስኳሊፋይድ ነህ።"

ለአምስት ሰው ደወለች፤ አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላዋ ስፓኒሽ ተምራለች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መመሪያ አነባለሁ። ጭንቅ ሲሆንባት እናቷ ጋ ደወለች። ሚስቴ ሆቴል ስትሠራ ከምር ስፓኒሽ ስለተማረች እሷም አትሆንም፤ ግን ሰው ታውቃለች።

"አባትሽ እዚያ የለም እንዴ?" አለች ሚስቴ፣ በስፒከር።

"እሱማ ስፓኒሽ ይችላል።"

ከስልኩ አንድ ረጅም ሳቅ መጣ።

"እሱን እሱው ይንገርሽ" ብላ ዘጋችው። ለካ ስታውቅ ኖሯል!

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ሰዓቱ አስራ አንድ ተኩል ነው።

"ቼክ እንኳን አላውቅም" አልኩ።

"እሺ። ስፓኒሽስ?"

"እሱንም የቼክን ያህል ነው የማውቀው።"

"ታኮ ቤቱስ?"

"በጣቴ እየጠቆምኩ።"

አልተቆጣችም። ፎርሙን ሰጠችኝ፤ "ስፓኒሽ" ከሚለው ጎን "ምንም" ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምኩ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ገባሁ። አንዲት ሴት በአንደኛው ቋንቋ፣ ከዚያ በሁለተኛው ታነባለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ቃል ከአንደኛው ይሁን ከሁለተኛው ቁልፍ ተጭኖ መለየት ነው። የአንደኛው "ር" እንደ ቆሻሻ መኪና ሞተር ሲንከባለል ስሰማ ልቤ ሞቀ። ይሄማ የኛ መጋዘን ነው! አንደኛው በመጣ ቁጥር እንደ ዘመድ ራሴን እየነቀነቅኩ ጫንኩ።

አስራ ሁለት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጨረስኩ። ልጄ ውጤቱን ሴቭ አድርጋ አቀፈችኝ። ሥራዋ ተርፏል።

ትንሽ ክብሬን ላስመልስ ብዬ "አንደኛው ስፓኒሽ መሆኑን ግን ወዲያው ነው ያወቅኩት" አልኳት።

"አባዬ፣ አንደኛው ቼክ ነው።"

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አስራ አምስቱን በስፓኒሽ ተናጋሪዎች መካከል ሠርቻለሁ። ስፓኒሽን ከቼክ አልለይም።